ኢማቲኒብን እየዋጥኩ የታዘብኩት፣ ከ5 ኮከብ 4 ተኩል

ሰው ስለ ስልክ፣ ስለ ፊት ክሬም፣ ስለ በርገር ቤት ሪቪው ይጽፋል፣ እኔ ደሞ በየቀኑ ስለምውጠው ክኒን ልጻፍ። ኢማቲኒብ ይባላል፣ ኦሪጅናሉ ኖቫርቲስ የሚያመርተው ግሊቬክ ነው፣ ሲኤምኤል ለሚባለው የደም ካንሰር የሚሰጥ። ውጤቱን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ለክኒኑ ከ5 ኮከብ 4 ተኩል ሰጥቼዋለሁ፣ ግማሿ ለምን እንደተቀነሰች ወደ ታች ታገኙታላችሁ። በክኒኑ ዙሪያ ላለው ነገር ግን፣ ማለትም ለክትትሉ ለምርመራው ለወረፋው፣ ከ2 በላይ እጄ አልሄደም። እና ደሞ ሐኪም አይደለሁም ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ስለዚህ ዶዝ ምናምን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ እኔን ምስክር አድርጋችሁ እንዳትሄዱ።

ሲኤምኤል ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚመጣው። ድካም፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት፣ ሁለት ሦስት ጉርሻ በልቶ ጥግብ ማለት፣ እሱም ጣፊያ አብጦ ጨጓራን ስለሚጫነው ነው። እኛ አገር ጣፊያ ሲያብጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው፣ ሁመራ ወይ መተማ ለሥራ ወርዶ የተመለሰ ሰው ከሆነ ደሞ ካላዛር፣ እና ሁለቱም ስላሉ ጥርጣሬው ስህተት ነው አይባልም፣ ግን ስንቱ የወባ መድሃኒት ደጋግሞ ውጦ፣ ሆዱን ታሽቶ፣ ሲብስበት ነው ሲቢሲ የሚታዘዝለት። ሲቢሲ ማለት ተራዋ የደም ቆጠራ ናት፣ የትም የምትሠራ። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ4 እስከ 11 ሺህ ገደማ ነጭ የደም ሴል ሲኖረው ሲኤምኤል ያለበት ሰው ላይ 100 ሺህ፣ 200 ሺህ፣ ከዛም በላይ ይገኛል። የኔን የሠራው የላብራቶሪ ልጅ ማሽኑ ያበደ መስሎት ደግሞ ሠራው፣ ከዛ ምንም ሳይለኝ ወረቀቱን ይዞ ወደ ዶክተሯ ክፍል ራሱ ሄደ፣ ያኔ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ገባኝ።

አሁን ክኒኑ ለምን ጉድ እንደሚያሰኝ ለመረዳት መቅኔ ውስጥ ያለውን ሥራ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ታገሱኝ፣ ዶክተሯ የማዘዣ ወረቀት ገልብጣ በእስክሪብቶ እየሳለች ነው ያስረዳችኝ፣ ወረቀቱ አሁንም አለኝ። ደማችን ውስጥ ያለው ሴል ሁሉ፣ ቀዩም ነጩም ፕላትሌቱም፣ መቅኔ ውስጥ ካለ ከአንድ ዓይነት ስቴም ሴል (እናት ሴል በሉት) ነው የሚወጣው። የትኛው ምን ይሁን፣ ስንት ይሁን፣ መቼ ይቁም የሚለው ትእዛዝ የሚመጣው በመልእክት ነው፣ መልእክቱን ሴሉ ውስጥ ተቀብለው የሚያሳልፉት ደሞ ኢንዛይሞች ናቸው። ለምሳሌ ኩላሊት ኦክስጅን እንዳነሰ ሲያውቅ ኢፒኦ የሚባል ሆርሞን ይለቃል፣ ኢፒኦ መቅኔ ይደርስና ቀይ ለመሆን የተዘጋጁት ሴሎች ላይ ያለውን ሪሴፕተር፣ መልእክት መቀበያውን ማለት ነው፣ ይይዛል፣ ሪሴፕተሩ ሥር ጃክ2 የሚባሉ ሁለት ኢንዛይሞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ሪሴፕተሩ ሲያዝ አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሰዋል፣ ኤቲፒ ከሚባለው የሴል ጉልበት ተሸካሚ ላይ ፎስፌት እየነቀሉ ታይሮሲን በሚባለው አሚኖ አሲድ ላይ መለጠፍ ይጀምራሉ፣ ስታት5 የሚባለው ፕሮቲን ፎስፌት ሲለጠፍበት ተነስቶ ኒውክለስ ውስጥ ይገባል፣ እዛ የሚቀሰቅሳቸው ጂኖች ደሞ አትሙቱ፣ ተባዙ የሚሉት ናቸው። ፎስፌት የሚለጥፉት ኢንዛይሞች ካይኔዝ ይባላሉ፣ የተለጠፈውን የሚነቅሉትና ትእዛዙን የሚያስቆሙት ደሞ ፎስፋቴዝ። በዚህ መልክ ነው ሰውነታችን በሰከንድ 2 ሚሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሴል የሚያመርተው፣ ሳይበዛም ሳያንስም።

በነገራችን ላይ ስለ ኢፒኦ ካነሳን፣ ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የኛ ሰዎች ተጠንተው እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ጥናት ሄሞግሎቢናቸው ዝቅ ያለ ቦታ ከሚኖር ሰው እምብዛም አልተለየም፣ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ግን እዛ ከፍታ ላይ ቀይ ደማቸው በዝቶ ነው የሚገኘው። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን ወደ ክኒናችን እንመለስ።

ሲኤምኤል ላይ የሚበላሸው ኤቢኤል የሚባለው ካይኔዝ ነው። ክሮሞዞም 9 እና 22 ይቆረጡና ቁራጫቸውን ይለዋወጣሉ፣ 9 ላይ የነበረው የኤቢኤል ጂን 22 ላይ ካለው ቢሲአር ጋር ይጋጠማል፣ ከሁለቱ የሚወጣው ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ኢንዛይም ማንም ሳያዘው ፎስፌት ሲለጥፍ ይውላል ያድራል። ክላክሱ እንደተጣበቀበት ሚኒባስ በሉት፣ ሹፌሩ እጁን ቢያነሳም ይጮሃል። ሆርሞን የለም፣ ሪሴፕተር የያዘ የለም፣ ትእዛዙ ግን አይቆምም፣ ሴሉ ተባዛ ተባዛ እየተባለ ይባዛል። ይሄ ከእናት ከአባት የሚወረስ አይደለም፣ ወደ ልጅም አይተላለፍም፣ በሕይወት መሃል አንድ የመቅኔ ሴል ላይ የሚፈጠር አደጋ ነው፣ ይሄን ደግሜ የምጽፈው በዚህ ምክንያት እጮኝነት የፈረሰባት ልጅ ስለማውቅ ነው። ያጠረችውን ክሮሞዞም 22 በማይክሮስኮፕ መጀመሪያ ያዩዋት ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ እ.ኤ.አ. በ1960 ፊላደልፊያ ውስጥ ነው፣ ፊላደልፊያ ክሮሞዞም የምትባለውም ለዛ ነው፣ ቁራጩ ከ9 ጋር የተለዋወጠ መሆኑን ደሞ ጃኔት ራውሊ በ1973 አሳየች።

እና ክኒኑ ምን ያደርጋል፣ ኢማቲኒብ ኢንዛይሙ ላይ ኤቲፒ የሚገባበት ቦታ ገብቶ ቁጭ ይላል፣ ኤቲፒ ካልገባ የሚለጠፍ ፎስፌት የለም፣ ፎስፌት ከሌለ ትእዛዝ የለም፣ በዛ ትእዛዝ ብቻ ይኖር የነበረው ሴልም መሞት ይጀምራል። እስከዛ ድረስ የነበረው አብዛኛው የካንሰር መድሃኒት የሚባዛን ሴል ሁሉ ጠጉርም አንጀትም ሳይለይ የሚመታ ነበር፣ ይሄ ግን የተበላሸውን ኢንዛይም ለይቶ ነው የሚይዘው (ሙሉ በሙሉ ለይቶ ሳይሆን፣ እሱን ሳይድ ኢፌክት ላይ እመለስበታለሁ)። ከሱ በፊት የነበረው ምርጫ ሃይድሮክሲዩሪያ፣ ቁጥሩን ያወርዳል እንጂ በሽታውን አይይዝም፣ ወይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚያመጣ ኢንተርፌሮን መርፌ፣ ወይ ለጋሽና ገንዘብ ላለው መቅኔ መቀየር። ባዝል ላይ በኋላ ኖቫርቲስ በሆነው ሲባ ጋይጊ ካምፓኒ ውስጥ ኒኮላስ ላይደን ከነባልደረቦቹ ሠሩት፣ ኦሪገን ያለው ዶክተር ብራያን ድራከር ደሞ ይሄ ነገር ለሲኤምኤል ይሆናል ብሎ ሙጭጭ አለ፣ ካምፓኒው ግን ሕመምተኛው ጥቂት ነው ገበያ የለውም እያለ ሲያቅማማ ነበር። ሰው ላይ መሞከር የተጀመረው ሰኔ 1998፣ አሜሪካ ያጸደቀችው ግንቦት 10 ቀን 2001፣ እነዚህ ሁሉ በፈረንጅ ነው። ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም። 1,106 ሰው የገባበት አይሪስ የሚባለው ጥናት ላይ ኢማቲኒብ ከጀመሩት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተከታትለዋቸው 83 ከመቶ ገደማው በሕይወት አሉ። ከሱ በፊት በሽታው ሲታወቅ ሰው የሚሰጠው ጥቂት ዓመት ነበር።

እኔ ላይ ያየሁትን ልናገር። ቁጥሩ በሳምንታት ውስጥ ነው መውረድ የጀመረው፣ ላቡ ቆመ፣ ጣፊያዬ ወደ ቦታው ገባ፣ ቀሚሴ ወገቤ ላይ እንደ ድሮው መቆለፍ ጀመረ። መጀመሪያ አካባቢ ደም በጣም ሊወርድም ስለሚችል ሲቢሲ ቶሎ ቶሎ ያሠሯችኋል፣ እሱን አትዝለሉ።

አዋዋጡ፦ የተለመደው ዶዝ በሽታው ሳይገፋ ለተያዘ ሰው 400 ሚሊግራም በቀን አንዴ ነው፣ ወይ አንድ ባለ 400 ወይ አራት ባለ 100። ቢጫ ወደ ቡናማ የሚመታ ክኒን ነው፣ ትልቁ ጉሮሮ ላይ ይከብዳል። ከምግብ ጋር፣ ያውም በዛ ካለው ምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ። ይሄን ቀልድ አታድርጉት፣ በባዶ ሆድ የዋጥኩት ቀን አንጀቴ ነው የተገለበጠው። መዋጥ የሚያቅተው ሰው በውሃ ማሟሟት ይችላል፣ ባለ 400ው በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ ይማሰልና ወዲያው ይጠጣል። ጾምን በተመለከተ ሁሌ የሚጠየቅ ነገር ስለሆነ፣ በቀን አንዴ መሆኑ በጣም ይመቻል፣ ዐቢይ ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከቅዳሴ በኋላ ከምሳቸው ጋር ይውጡታል፣ ረመዳን ላይ ደሞ አብሮኝ የሚከታተል ልጅ አፍጥሮ እራቱን በልቶ ነው የሚውጠው። ሽሮ ይሁን ሥጋ ክኒኑ ግድ የለውም፣ ብቻ ሆድ ባዶ አይሁን። ሰዓቱን ስትቀይሩ ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ንስሐ አባታችሁንም ብታማክሩ ለታመመ ሰው መላ አያጡም።

አሁን ግማሿ ኮከብ። ጠዋት ስነሳ ዓይኔ ዙሪያ ያብጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያለቀስኩ ነው የምመስለው፣ ቢሮ ስገባ በየቀኑ አንድ ሰው ደህና ነሽ ወይ ይለኛል፣ እስከ ምሳ ሰዓት ይጎላል። ሌሊት ባቴን ቁርጥማት ሲይዘኝ ከአልጋ ወርጄ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ ነው የሚለቀኝ። ማቅለሽለሽ፣ አንዳንዴ ተቅማጥ፣ ድካም፣ ሽፍታ የሚወጣባቸውም አሉ። እና ደሞ ቆዳ ይቀላል! ጎረቤቶቼ ምን ክሬም ነው የምትቀቢው ብለው ሲጠይቁኝ ሳቄ ነው የመጣው። ምክንያቱ ቅድም ያልኩት ነው፣ ኢማቲኒብ ኤቢኤልን ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ኪት የሚባለውን ካይኔዝም ይይዛል፣ ኪት ደሞ ቆዳን የሚያጠቁሩት ሴሎች የሚያስፈልጋቸው ነው። በዚሁ በኪት ምክንያት ጂስት ለሚባል የጨጓራና አንጀት ዕጢም መድሃኒት ሆኗል፣ ያንዱ ጉዳት ለሌላው ፈውስ ማለት ነው። ለማንኛውም ከዚህ ሁሉ አንዱም ክኒኑን እንድተው የሚያደርገኝ አይደለም።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ሌሎች መድሃኒቶች ላይ ነው። እኛ አገር ቲቢ ስላለ የቲቢ መድሃኒቱን ሪፋምፒሲን የጀመረ ሰው ኢማቲኒቡ ደሙ ውስጥ በጣም ይቀንስበታል፣ ጉበት ቶሎ ፈጭቶ ስለሚያስወጣው፣ ስለዚህ የቲቢ ክሊኒክ ስትሄዱ ይሄንን ክኒን እንደምትውጡ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ካርድ ላይ ያነቡታል ብላችሁ አትተማመኑ። የፈንገስ መድሃኒቱ ኬቶኮናዞል ደሞ በተቃራኒው ከፍ ያደርገዋል፣ ግሬፕፍሩትም እንደዛው ነው። ሴቶች፣ እርግዝና ላይ ፅንስ ሊጎዳ ስለሚችል ለማርገዝ ከማሰባችሁ በፊት እንጂ ካረገዛችሁ በኋላ አትጠይቁ።

ዋጋ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ግራ የሚያጋባው። አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ በዓመት ከ25 ሺህ ዶላር ዙሪያ የነበረው በ2012 ወደ 90 ሺህ ደርሶ ነበር፣ በ2013 ከ100 በላይ የሲኤምኤል ሐኪሞች ተሰብስበው ይሄ ዋጋ አይገባም ብለው ጽፈዋል። በዛው ዓመት ሚያዝያ 1 በፈረንጅ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኖቫርቲስን የፓተንት ጥያቄ ውድቅ አደረገ፣ የህንድ ካምፓኒዎች ርካሹን ኢማቲኒብ ማምረታቸውን ቀጠሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 አስፈላጊ መድሃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። እኛ ጋ ደሞ ኖቫርቲስ ክኒኑ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ በጀመረው ፕሮግራም፣ ሲያትል ያለው ማክስ ፋውንዴሽን እያስተባበረው፣ ጥቁር አንበሳ ላይ ለተመዘገቡ ሕመምተኞች ግሊቬክ በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል። የድርጅቱ ስም የሲኤምኤል ሕመምተኛ ከነበረ ማክስ ከሚባል ልጅ የመጣ ነው፣ ክኒኑ ሳይወጣ ነው ያረፈው። ያለዚህ ፕሮግራም እኔ ይሄን ሪቪው አልጽፍም ነበር፣ በሂሳብ ሠራተኛ ደሞዝ የሚሞከር ነገር አይደለም። የህንዱ ይሠራል ወይ ለምትሉ፣ በሚታወቅ ካምፓኒ የተመረተና በሕጋዊ መንገድ የገባ ከሆነ ያው ኢማቲኒብ ነው፣ ዋናው በፒሲአር፣ ደም ውስጥ የቀረውን የበሽታ መጠን በሚለካው ምርመራ፣ መከታተሉ ነው፣ በሻንጣ የመጣ ማሸጊያው የተነካካ ነገር ግን ከዘመድም ቢሆን አትቀበሉ።

ወደ ወረፋው ስንመጣ፣ እኔ የምከታተልበት ስሙን የማልጠራው ቦታ ላይ ዶክተሮቹና ሲስተሮቹ ጥሩዎች ናቸው፣ ቁጥራቸው ነው ያነሰው። ካርድ ለማውጣት ጎህ ሳይቀድ መሰለፍ፣ ካርዱ ሲጠፋ ሌላ ወረፋ፣ ፋርማሲው ሲከፈት ደሞ ሌላ። ከወሎ ከጎጃም ለሊቱን ሲጓዙ አድረው የመጡ ሰዎች ደረጃ ላይ ተኝተው ታያላችሁ። የሚያናድደኝ ግን እሱ አይደለም፣ ፒሲአሩ ነው። ሲቢሲ ጥሩ ሆነ ማለት በሽታው ተያዘ ማለት አይደለም፣ የቢሲአር-ኤቢኤል መጠን በፒሲአር መለካት አለበት፣ በ3 ወር ከ10 ከመቶ በታች፣ በ6 ወር 1 ከመቶ፣ በዓመት ደሞ 0.1 ከመቶ እንዲደርስ ነው የሚፈለገው። ክኒኑ ነጻ ሆኖ መለኪያው ሲጠፋ ምን ይባላል፣ አንዴ ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) የለም፣ አንዴ ናሙናው ተበላሸ፣ አንዴ ውጤቱ ሲመጣ ቀጠሮው አልፏል። ለቲቢ የሚያገለግለው ጂንኤክስፐርት ማሽን ካርትሪጁ ከተቀየረለት ይሄንንም ምርመራ ይሠራል እኮ፣ ማሽኑ ቲቢ የሚመረመርበት ብዙ ቦታ ተቀምጧል፣ ካርትሪጁ ቢገዛ ስንቱ ሰው አዲስ አበባ ድረስ ባልተንከራተተ።

የክኒኑ ትልቁ ችግር ደሞ ደህና ማድረጉ ነው፣ በእውነት። ደህና የሆነ ሰው መድሃኒት ይረሳል። ወረፋ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት የክኒን ብልቃጣቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል፣

«አባባ፣ ቆዩ ሲውጡ?» አልኳቸው።

«ቆየሁ ልጄ። መሃል ላይ ዳንኩ ብዬ ተውኩት፣ ጸበሌን ጠጥቼ አዝመራዬን ሰብስቤ ስገባ ጣፊያዬ ተመልሳ ቁጭ አለች።»

«ጸበሉን ከክኒኑ ጋር አይሆንም ነበር?»

«ይሆናል አሉኝ ቄሱም፣ ማን ጠየቀ መጀመሪያ!» ብለው ሳቁ።

ለንደን ውስጥ በ87 ሰዎች ላይ የተሠራና በ2010 የወጣ ጥናት አለ፣ የክኒን ብልቃጡ ክዳን ላይ መቼ እንደተከፈተ የሚመዘግብ ቺፕ አስገብተው ነው የተከታተሏቸው። ከታዘዘላቸው ከ90 ከመቶ በላይ ከዋጡት ውስጥ በ6 ዓመት ወደ ጥሩ ደረጃ (ቅድም ወዳልኩት 0.1 ከመቶ) የመድረስ ዕድሉ 94.5 ከመቶ ሲሆን ከዛ በታች የዋጡት ላይ 28.4 ከመቶ ነው። 90 ከመቶ ማለት በወር 3 ክኒን መርሳት ነው፣ ሦስት ብቻ! አንድ ሠርግ፣ አንድ ፊልድ፣ አንድ ደክሞኝ ተኛሁ። ኢንዛይሙ አልጠፋም፣ ተይዞ ነው የተቀመጠው፣ ክኒኑ ደም ውስጥ ሲቀንስ ኤቲፒ ተመልሶ ይገባል። እኔ ስልኬ ላይ አላርም አለ፣ ለፊልድ ስወጣ ደሞ ቦርሳዬ ውስጥ ትርፍ አለ፣ ብልቃጡን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ሻንጣውን መኪና ጣራ ላይ አላስጭንም።

በደንብ እየዋጡም የማይሠራላቸው አሉ። ኢንዛይሙ ራሱ ቅርጹን ይቀይርና ኢማቲኒብ መግቢያ ያጣል፣ ቲ315አይ የሚባለው ለውጥ በጣም የሚፈራው ነው፣ ከኢማቲኒብ በኋላ የመጡት ዳሳቲኒብና ኒሎቲኒብም አያሸንፉትም፣ ፖናቲኒብ ወይ በ2021 የጸደቀው አሲሚኒብ ያስፈልጋል። ፒሲአራችሁ እየወረደ ቆይቶ መውጣት ከጀመረ ዝም ብላችሁ ቀጣዩን ቀጠሮ አትጠብቁ።

ሁሉም የሚጠይቀው መቼ ነው የማቆመው ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ፒሲአራቸው ቢያንስ 2 ዓመት ሙሉ ምንም ያላሳየ 100 ሰዎች አቁመው ተሞክሯል፣ ከግማሽ በላዩ ላይ ተመልሷል፣ አብዛኛው ደሞ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ፣ ግን ክኒኑን ሲጀምሩ ተመልሶ ተይዟል፣ ከ10 ሰው ወደ 4ቱ ያለ ክኒን ቆይተዋል። ይሄ የተቻለው መጀመሪያ ላይ በየወሩ ፒሲአር እየታየ ነው። እኛ ጋ በየወሩ ቀርቶ በተቀጠረበት ቀን ማሠራት እስኪቻል ድረስ እኔ በበኩሌ አልሞክረውም።